ጠጉር ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ በቤት ውስጥ ስለ መመርመር

እናቶች ሆይ፣ ቅቤ የአንዷን ጠጉር ወዲያው ያለሰልሰዋል፤ የሌላዋ ግን ቅቤው ከላይ ተኝቶ አቧራ ይሰበስባል። ይህ ለምን ይሆናል?

እያንዳንዷ የጠጉር ዘለላ በዓይን የማይታይ ቅርፊት ለብሳለች። ቅርፊቱ እንደ ጎጆ ክዳን የተደራረበ ነው። ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ ውሃው ይንሸራተታል፤ የሳሳ እንደሆነ ግን ውሃ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። ክዳኑን ከሚያሳሱት መካከል የጋለ ብረት ማበጠሪያ፣ ጠጉር ማቅለሚያና ብርቱ ፀሐይ ይገኛሉ። እኛ ጉለሌዎች የምንኖረው ከእንጦጦ ግርጌ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ዓይነት ደጋ ብርዱ ቢያታልለንም የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው። ስለዚህ እንጨት ለቀማም ሆነ ገበያ ስትሄዱ ሻሽ ማሰር ጥሩ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው ታዲያ?

አንደኛ፣ ጠጉሩን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፤ ምንም ሳትቀቡ ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ በደረቀው ጠጉር ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ በጣት እርጩ። ውሃው እንደ ጤዛ ተንጠባጥቦ ከቆየ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወዲያው ከሰረገ ክዳኑ የሳሳ ነው።

ሦስተኛ፣ ከታጠባችሁ በኋላ ለመድረቅ ምን ያህል እንደሚቆይ ተመልከቱ። ቶሎ የሚደርቀው ብዙውን ጊዜ የሳሳው ነው።

አንዲት ዘለላ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጥለው «ከሰመጠች የሳሳ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን ብቻ አትመኑ። ቅባት የቀረባት ዘለላ የሳሳችም ብትሆን ትንሳፈፋለች።

እንግዲህ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ቅቤው ጥቂት ይሁን፤ ለብ ባለ ውሃም ይታጠብ። የሳሳ ከሆነ ደግሞ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ቀቡት፤ የጋለ ብረትም አታስነኩት። በሁለቱም ቢሆን በእድፍ ላይ ቅቤ መደረብ አይገባም። ቅማልና ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ ስለሚተላለፉ ማበጠሪያ፣ ሻሽና ቆብ ለየራስ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። የሕፃኑ ጠጉር ሳስቶ፣ ቀላ ብሎ፣ በቀላሉ እየተነቀለ ከመጣ፣ እግሩም ካበጠ፣ ወይም ልጁ ፈዞ ምግብ እምቢ ካለ፣ ይህ የቅቤ ጉዳይ አይደለም። ብርቱ የምግብ ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላል። ቅቤ ከላይ መቀባት አያድነውም። «ነገ ይሻለው ይሆናል» ሳትሉ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጊዜ የደረሰ ልጅ ይድናል፤ ጠጉሩም ተመልሶ ይበቅላል።