ፋይሉ ደረሰ፤ ፊደሉ ግን ጠፋ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብርሃ ጅራ፣ ሙቀቱና አቧራው ለኮምፒውተር እንደማይመች አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። እንበልና በዚያች ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የብዙ ዓመታት የተማሪዎች ውጤት በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ማሽኑ ጨርሶ ሳይበላሽ መዝገቡን ወደ አዲስ እንዴት እናሸጋግር?

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊዚክስ ነው። የቀድሞው የማኪንቶሽ 800 ኪሎባይት ፍሎፒ ዲስክ የሚሽከረከረው በተለዋዋጭ ፍጥነት ሲሆን፣ ዶስና ዊንዶውስ የሚጠቀሙት ኮምፒውተሮች ድራይቭ ግን በደቂቃ 300 ዙር ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ዲስኩ በትክክል ቢገባም አይነበብም። መውጫው ሽቦ ነው፤ የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ያጠላለፈ የሲሪያል ገመድ ዘርግተን፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1981 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን ከርሚት የተባለውን ፕሮግራም በሁለቱም ላይ እናስኬዳለን። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ ለአንድ ባይት 10 ቢት ሲታሰብ፣ 960 ባይት ይተላለፋል። 1.44 ሜጋባይት የሚባለው ሙሉ ዲስክ፣ ማለትም 1,474,560 ባይት፣ ቢያንስ 26 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ!

የሚከብደው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፋይሉ አንድ ባይት ሳይጎድልበት ይደርሳል፤ ሲከፈት ግን በአማርኛ ፋንታ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይወጣል። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ምልክት ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ተባዝተው 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ስለሆነም የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጡ፤ አንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ፊደሉንና ቅጥያውን ለይቶ ገጣጠመ። ብልሃታቸው የሚደነቅ ነበር፤ አለመስማማታቸው ግን እስከ ዛሬ ዋጋ ያስከፍለናል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ሆኑ። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። 4608 በሁለት ባይት ሲጻፍ 18 እና 0 ነው፤ ባይቶቹን ገልብጦ የሚያነብ ማሽን ቁጥሩን 18 ያደርገዋል፤ ይህም የማይታይ የትእዛዝ ምልክት እንጂ ፊደል አይደለም።

እንዲህ ያለ ፋይል የያዛችሁ ተማሪዎች፣ ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የተጻፈበትን ፎንት ስም መዝግቡ። ስሙ ከጠፋ፣ ከዚያው ፋይል የታተመ አንድ ገጽ ፈልጉ፤ እያንዳንዱ ፊደል በየትኛው ምልክት እንደተተካ ቃል በቃል በማመሳከር የጠፋውን ሰንጠረዥ መልሶ መሥራት ይቻላል።