ጣና ላይ «15 ፈረስ» 15 አይደለም

ሽፋኑ ላይ «15» የተጻፈበት የጀልባ ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ ጉልበቱ ወደ 12 ፈረስ ይወርዳል። ሻጩ አላጭበረበረም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ውኃውን ግን ከፍታ አያሳሳውም። ሞተሩ የሚተነፍሰው የሳሳ አየር፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያንኑ ከባድ ውኃ ነው። ለባሕር ጠረፍ ታስቦ ከሞተሩ ጋር የመጣ ፕሮፔለር እዚህ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ አንዱ ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋቱ (ዲያሜትሩ)፣ ሌላው ፒቹ ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ፒች ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ነው። 10 ኢንች 25.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 5,200 ዙር ሲሽከረከርና ማርሹ በ2.08 ሲያካፍለው ፕሮፔለሩ 2,500 ዙር ያገኛል፤ በወረቀት ስሌት በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር። ሩቡ በመንሸራተት ቢባክን 28.5 ይቀራል። ጣና ዳር ካለው ዘጌ ሰውና ቡና ጭኖ የሚመለስ ጀልባማ ይህንንም አያይም።

ትክክለኛውን ፕሮፔለር የሚነግረን ዙር ቆጣሪ እንጂ ጆሮ አይደለም። የዘወትሩን ጭነት ጭነው ነዳጁን እስከ ጥግ ይስጡትና ያንብቡ። የአምራቹ መመሪያ ከ4,500 እስከ 5,500 እያለ ቆጣሪው 4,400 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቷል። ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደሚወጣ መኪና ሞተሩ ይታፈናል፤ ይግላል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ10 ወደ 8 መውረድ ወደ 4,750 አካባቢ ያደርሰዋል። የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም። ከልክ በላይ መቀነስም አያዋጣም፤ ባዶ ጀልባ ላይ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር አልፎ ይጮኻል።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ግን ያለውን ይመርምሩ። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ በስህተት የተነሳ ሞተር ጣት ይቆርጣል። ከዚያ ዳዶውን ፈትተው ፕሮፔለሩን ያውጡና ዘንጉን ይዩ። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ ማስገር አብረው ጣና ገቡ፤ ዛሬም የመረብ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ይበላል። የማርሽ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። በእምቦጭ አረም መካከል ያለፈ ጀልባም ይኸው ፍተሻ አይቅርበት።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ ፕሮፔለሩ መሃል ያለውን ጎሚኒ ይጠርጥሩ። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጨኛው እምብርት አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩና ጭነት ይዘው ጥቂት ይንዱ። ሲመለሱ መስመሩ ለሁለት ተለያይቶ ከተገኘ ጎሚኒው ተንሸራትቷል፤ ፒች መቀየር አይፈውሰውም።

አሉሚኒየም ወይስ ብረት? ጥልቀቱ የትም ቢሆን ከ15 ሜትር ለማያልፈውና ዳርቻው ድንጋያማ ለሆነው ጣና የእኔ ምርጫ አሉሚኒየም ነው። ድንጋይ ሲመታ ክንፉ ይጣመማል፤ ማርሹ ይተርፋል። ከፕሮፔለሩ ይልቅ የማርሽ ጥገናው ኪስ ይጎዳል። መንገደኛ የሚያመላልሱ ከሆነ አንድ መለዋወጫ ፕሮፔለር፣ አንድ ዳዶና መፍቻው ከጀልባዎ አይጥፉ።