ፍትሕን የምንወደው ለእኛ ሲፈርድ ብቻ ነውን?

በደል ሲደርስበት «ፍትሕ ይሰጠኝ!» ብሎ የማይጮኽ ሰው የለም። በዳዩ እርሱ ራሱ፣ ልጁ ወይም ወገኑ ሲሆን ግን ስንቱ ነው ዝም የሚለው? ታዲያ የምንወደው ፍትሕን ነው ወይስ ጥቅማችንን?

ቅዱስ ቁርኣን ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈውም። በሱረቱ አን-ኑር ከአንቀጽ 48 እስከ 50፣ ወደ አላህና ወደ መልእክተኛው ፍርድ ሲጠሩ ጀርባ ስለሚሰጡ፣ እውነቱ የእነርሱ ሲሆን ግን ታዛዥ መስለው ስለሚመጡ ሰዎች ይነግረናል። በሱረቱ አል-ሙጠፍፊፊን መግቢያም ለራሳቸው ሲሰፍሩ የሚያሟሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎች ተወግዘዋል። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ስፍር ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። የጎደላቸው ለሌላውም መፈለግ ነው።

የሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 105ና ተከታዮቹ የወረዱበትን ምክንያት ሙፈሲሮች እንዲህ ይተርካሉ። በመዲና ከአንሷር ጎሳ የሆነ ኢብን ኡበይሪቅ የተባለ ሰው ጥሩር ሰርቆ ጥፋቱን በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ። ዘመዶቹም ሊሟገቱለት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ለጊዜው ሲታይ የወገንን ስም መሸፈን የሚጠቅም ይመስል ነበር። ወሕዩ ሲወርድ ግን ነጻ የወጣው አይሁዳዊው ሆነ! በዚያው ሱራ አንቀጽ 135 ደግሞ ምእመናን በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንዲቆሙ ታዘዋል።

«ጀነትን መመኘትስ ጥቅም ፍለጋ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ምንዳ የሚገኘው በራስ ላይም ጭምር እውነቱን በመመስከር ነው። ሰው በማያይበት ቦታ፣ ኪስ በሚጎዳበት ጊዜ፣ አላህ ያያል ብሎ ሐቅን መስጠት አድልዎን ከሥሩ ይነቅላል።

ይህ ፈተና የሚጀምረው ከቤት ነው። የኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) አባት ለኑዕማን ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊያስመሰክሩ ሄዱ። ነቢዩ ለሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ሰጥተው እንደሆነ ጠየቋቸው። አለመስጠታቸውን ሲሰሙ አላህን እንዲፈሩና በልጆቻቸው መካከል እንዲያስተካክሉ አዘዟቸው። አባትየውም ስጦታውን መልሰው ወሰዱ።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን ፍትሕን የሚማሩት ከምክራችን ይልቅ ልጃችን የጎረቤትን ልጅ በድሎ ሲገኝ ከምንሰጠው ፍርድ ነው። አላህ በራሳችን ላይ እንኳ እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። አሚን!