የዐይን ቆብ ቀዶ ጥገናና ከዚያ በኋላ የሚገባው ጥንቃቄ

በአዊ፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አገር፣ እንደ ሌላውም የአማራ ክልል ሁሉ፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን የሚወጋቸው ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የሕመሙ ምክንያት ትራኮማ ነው። ይህ በሽታ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዐይን ወደ ዐይን ይተላለፋል፤ በሕፃንነት ደጋግሞ ሲይዝም በላይኛው ቆብ ውስጥ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ይኮማተርና ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል።

ብዙዎች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ይታገሣሉ። ነገር ግን የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ የታጠፈውም ቆብ በዚህ አይቃናም። ብሌን ከነጣ በኋላ ደግሞ የቆብ ቀዶ ጥገና የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ቀጠሮን ከዓመት ወደ ዓመት ማስተላለፍ ዐይንን የሚያስከፍል ስንፍና ነው።

ቀዶ ጥገናው ቆቡን ብቻ በማደንዘዝ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ይፈጸማል፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ሥራው በዚያ ቀን አያልቅም። በ2006 ዓ.ም. በክልላችን 1000 ሕመምተኞች በሁለት ዘዴ ታክመው ለአንድ ዓመት ተጠብቀው ነበር። ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቆ በሚቆርጠው ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 22፣ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ከታከሙት ግን ከመቶ 13 ፀጉሩ ተመልሶባቸው ተገኝቷል።

ይህ ቁጥር ከሕክምና ሊያሸሸን አይገባም፤ የሚበዙት ድነዋልና። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ይኸውም ፀጉሩ የተመለሰበት ሰው «ቀዶ ጥገና ከንቱ ነው» ብሎ በቤቱ ሲቀመጥ ነው። እርሱ ዳግመኛ ሊታከም ሲችል ዐይኑን ያጣል፤ ቃሉን የሰማ ጎረቤቱም ፈርቶ ይቀራል።

እንግዲህ መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች ሦስት ነገር እንድትፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዐይኗ የሚያለቅስ፣ ወረንጦ ከአንገቷ የማይለይ እናት ስታዩ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ምከሯት። ሁለተኛ፣ የታከመ ሰው ቁስሉን ለማስመርመር በቀጠሮው ቀን እንዲመለስ፣ ከዚያም በኋላ አንዲት ፀጉር ስትወጋው ዝም እንዳይል አስታውሱት። ሦስተኛ፣ ልጆች ፊታቸውን በየቀኑ እንዲታጠቡ፣ የትራኮማም መድኃኒት ሲታደል እንዲወስዱ ትጉ። የዛሬው ሕፃን ፊት ንጹሕ ከሆነ ነገ ቆቡን የሚቆርጥ ሐኪም አያስፈልገውም።