ቦዲ ከመቀየራችን በፊት፦ ለሰርግና ለፕሮግራም ፎቶ አንሺዎች



ደብረ ሲና ሳስተምር ክፍሌ ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ ዛሬ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ሰርግ፣ ምርቃትና የዒድ ፕሮግራም ያነሳል። በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አገኘኝና "ቲቸር፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳት ብር አለች። ፉል ፍሬም ካሜራ ልግዛባት ወይስ ይቅርብኝ? ምን ይሉኛል?" አለኝ። እኔም ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ኑሮዬ በካሜራ ስለሆነ ጥያቄው ለእኔም አዲስ አልነበረም። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ያጠራቀመው ብር የቤተሰቡም ተስፋ ነው። ስለዚህ ለእሱ ያልኩትን ለሌሎች ወንድሞችና እህቶችም ይጠቅም ዘንድ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ችግሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ "ካሜራህ ምን ጎደለው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ማታ ማታ ፎቶዬ እህል የተበተነበት ይመስላል። ሰው ሲንቀሳቀስም ይደበዝዛል" አለኝ። የያዘው ካኖን 700ዲ ነው፤ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18-55 ነው።

የሀገራችንን ብርሃን እናውቀዋለን። ደብረ ሲና ከጣርማ በር ተራራ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል ያለች ከተማ ናት። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ቶሎ ትገባለች። ጉም ከወረደ ደግሞ ቀኑም ማታ ይመስላል። ኒካሑ ብዙ ጊዜ በአንድ አምፖል በሚበራ ሳሎን ውስጥ ይታሰራል፤ መብራት ሲጠፋም በጄኔሬተር ወይም በስልክ ብርሃን ይቀጥላል። መስጂድ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሰው ፊት ላይ ፍላሽ ማብረቅ ከአደብ ውጪ ነው። ስለዚህ የልጁ ችግር እውነተኛ ነው። ጥያቄው መድኃኒቱ ቦዲ ነው ወይ የሚለው ነው።

ፉል ፍሬም ምን ይጨምራል?

የካሜራ ሴንሰር ብርሃን የሚቀበል ገበታ ነው። የ700ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋታቸውን ብናባዛ የመጀመሪያው 332፣ ሁለተኛው 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በተመሳሳይ ሌንስ መክፈቻና ፍጥነት ፉል ፍሬሙ 2.6 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። ያ "እህል" የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥቅሙ ትንሽ አይደለም።

አሁን ሌንሱን እንይ። 18-55 ሌንስ ሰው ወደ ፊት ስናቀርብበት መክፈቻው ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል። 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛው 9.7 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ይህች ትንሽ ሌንስ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች።

በተግባር እንየው። በአንድ አምፖል የሚበራ ክፍል ውስጥ በኤፍ 5.6 እና በ1/125 ፍጥነት ለማንሳት አይኤስኦ 12800 ሊጠይቀን ይችላል። ይህ የ700ዲ መደበኛ ጣሪያ ነው። ሌንሱን ወደ 1.8 ብንከፍተው ግን ያው ፎቶ በአይኤስኦ 1300 አካባቢ ይነሳል። ፉል ፍሬም ገዝተን ያንኑ ኤፍ 5.6 ብንጠቀም አይኤስኦው 12800 ሆኖ ይቆያል፤ የፎቶው ጥራት ግን አሮጌው ካሜራ በ4900 አካባቢ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ከ12800 ይሻላል፤ ወደ 1300 ግን አይደርስም። ስለዚህ አሮጌ ቦዲ ከብሩህ ሌንስ ጋር፣ አዲስ ቦዲ ከደካማ ሌንስ ጋር ከሚሰጠው ይበልጣል። ዋጋውም አይቀራረብም፤ ይህች ሌንስ ካኖን ከሚሠራቸው ርካሽ ሌንሶች አንዷ ናት።

ሌንሷ ጉድለት የላትም ማለቴ አይደለም። በ700ዲ ላይ 50 ሚሜ በፉል ፍሬም ላይ እንደ 80 ሚሜ ያህል ያጠብባል፤ በጠባብ ሳሎን ከወገብ በላይ እንጂ መላው ቤተሰብ አይገባም። በ1.8 ላይ ደግሞ ሙሽራው ጥርት ብሎ አጠገቡ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ወሊይ ሊደበዝዝ ይችላል። ለቡድን ፎቶ ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 መመለስና ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ ማዞር ያስፈልጋል። ፉል ፍሬም የማይፈታው ችግርም አለ። ቀይና ሰማያዊ ድንኳን ሥር የሰው ፊት ቀለሙ ሲለወጥ ውድ ቦዲም ይለውጠዋል። መፍትሔው በሮው ማንሳትና የነጭ ሚዛኑን ማስተካከል ነው።

ታዲያ ቦዲ መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከሦስቱ አንዱ ሲያጋጥመን ነው።

አንደኛው የሜሞሪ ጉዳይ ነው። ይህን ከራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኒካሕ አነሳሁ። ካሜራዬ አንድ ሜሞሪ ብቻ የሚቀበል ነበር። ቤት ገብቼ ሜሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ስሰካ አልከፍት አለ። ወደ ካሜራው መልሼ ስሞክር "ፎርማት አድርግ" አለኝ። ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት፤ የጠዋቱ ጥቂት ፎቶ ተገኘ፣ የኒካሑ ግን አልተገኘም። የሙሽራዋ ወሊይ አያቷ ነበሩ። ገንዘቡን ለመመለስ ስሄድ ሽማግሌው "ልጄ፣ ቀደር ነው፤ እኛ ኒካሑን እንጂ ፎቶውን አላሰርንም" ብለው አሰናበቱኝ። ከአራት ወር በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ። ቤተሰቡ ከዚያ ቀን የሳቸው አንድ ፎቶ አለኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረኝም።

ሁለት ሜሞሪ የሚቀበል ካሜራ እንዲህ ተደርጎ ከተስተካከለ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ኒካሕ ደግሞ "አንድ ጊዜ ድገሙልኝ" የሚባል ነገር አይደለም። በእኔ እምነት ሰርግን በክፍያ የሚያነሳ ሰው ወደ ፕሮፌሽናል ቦዲ እንዲያልፍ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ፉል ፍሬም ሁሉ ሁለት ሜሞሪ አይቀበልም። ካኖን 6ዲ ማርክ 2 ፉል ፍሬም ሆኖ አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ኒኮን ዲ750 ሁለት ኤስዲ፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና ማርክ 4 ደግሞ አንድ ሲኤፍና አንድ ኤስዲ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ካኖን አር6 ሁለት ኤስዲ አለው።

ሁለተኛው ፎከስ ነው። 700ዲ 9 የፎከስ ነጥብ ብቻ አለው፤ ጨለማ ውስጥም ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይፈልጋል። 5ዲ ማርክ 3 61 ነጥብ አለው። ዲ750 እና 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ ከ700ዲ በጣም ባነሰ ብርሃን ፎከስ እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው። በብሩህ ሌንስም ቢሆን ፎከሱ እየሳተ ብዙ ፎቶ የሚጣል ከሆነ ችግሩ በእርግጥ ቦዲው ነው።

ሦስተኛው ካሜራው ሲያረጅ ነው። ሹተር እንደ መኪና ጎማ ነው፤ ያልቃል። 5ዲ ማርክ 3 እና ዲ750 በፋብሪካቸው ለ150,000 ፎቶ የተፈተኑ ናቸው። አንድ ሰርግ ላይ 1,200 ፎቶ ብናነሳና በዓመት 25 ሰርግ ቢኖረን በዓመት 30,000 ይሆናል። አዲስ ከሆነ አምስት ዓመት፣ 120,000 ያነሳ ያገለገለ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ያህል ነው የምንጠብቀው። ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ዋስትና ግን የለም።

የቦዲው ዋጋ ብቻ አይደለም

ልጁ ያሰበው የቦዲውን ዋጋ ብቻ ነበር። አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ ግን ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ቦዲ ላይ አይገጥምም። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ቦዲ የገዛ ሰው ሰፊ ሌንስ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ተጨማሪ ሜሞሪና ከበድ ያሉ ፋይሎችን የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ ይጠብቀዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ ከውጭ የሚመጣ እቃ እንደመሆኑ የዛሬ ሁለት ዓመት የታሰበ በጀት ዛሬ አይበቃም።

ሒሳቡን እንዲህ እንሥራው። ጠቅላላ ወጪው 180,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ሰርግ የሚተርፈን 6,000 ከሆነ "30 ሰርግ ይመልሰዋል" እንላለን። ይህ ስህተት ነው። ያንን 6,000 በአሮጌውም ካሜራ እናገኘው ነበር። መቁጠር ያለብን አዲሱ የሚጨምርልንን ብቻ ነው። በእሱ ምክንያት በየሰርጉ 1,500 ብር ተጨማሪ ብናስከፍል ወጪው የሚመለሰው በ120 ሰርግ ነው፤ በዓመት 25 ከሆነ ወደ አምስት ዓመት ይጠጋል። ደንበኛ ደግሞ ዋጋ የሚጨምረው የካሜራውን ስም አይቶ ሳይሆን አልበሙን አይቶ ነው።

ሰርግም ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በእኛ ዘንድ በሻዕባንና በሸዋል ይበረታል፣ በረመዷን ይቆማል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ10 ወይም 11 ቀን ስለሚያጥር ወቅቱ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሰርግ ደግሞ በጥርና በሚያዝያ ይበዛል። እነዚህ ተደራርበው በመጡበት ዓመት ያየነውን ገቢ የየዓመቱ ነው ብለን ብድር ውስጥ እንዳንገባ።

ብድርን ካነሳን፣ ለካሜራ ተብሎ ወለድ ውስጥ መግባት የሚያዋጣ አይደለም፤ በረካውም ይሄዳል። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምረዋል፣ ሌሎች ባንኮችም ወለድ አልባ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ ባንኩ እቃውን ራሱ ገዝቶ ከተረከበ በኋላ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልናል። ለዚህ ዓይነት እቃ ይሰጡ እንደሆነ በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው። ያም ቢሆን ዕዳ ነው፤ ከላይ ያለው ሒሳብ አይቀርለትም።

ያገለገለ ለሚገዛ

ኒኮን ከሆነ አንድ ፎቶ አንስታችሁ የፋይሉን መረጃ ብታዩ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ይገኛል። አብዛኛው ካኖን ግን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚታየው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ተዉት። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሱና ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን እዩ። ሁለቱንም የሜሞሪ ማስገቢያ ሞክሩ። ዲ750 ከሆነ ኒኮን በሹተር ችግር ምክንያት በነፃ እንዲጠገኑ ያስታወቃቸው ምርቶች ስለነበሩ የሲሪያል ቁጥሩን አጣሩ።

ከመግዛት በፊት ደግሞ ተከራዩ። ለሁለት ሰርግ ፉል ፍሬም ተከራይታችሁ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አንሱ፤ የሁለቱንም ፎቶ አልበሙ በሚታተምበት መጠን አትማችሁ ለማያውቅ ሰው አሳዩ። ልዩነቱን ካልነገራችሁ መልሱን አገኛችሁ። አዲስ ስትገዙም አሮጌውን አትሽጡት። ብቻውን የሚሠራ ፎቶ አንሺ መጠባበቂያ ከሌለው አንድ ውድ ካሜራም ያዋርደዋል።

ዛሬ በእጃችን ባለው

አንድ ሜሞሪ ብቻ ላላችሁ፦ ኒካሑ እንዳለቀ ሜሞሪውን አውጥታችሁ በሌላ ኪስ አስቀምጡና በሌላ ቀጥሉ። ከሰርጉ ቤት ሳትወጡ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ሜሞሪው ካስቸገረ አንድም ፎቶ አትጨምሩበት፣ ፎርማትም አታድርጉት፤ መልሶ የማግኘት ዕድሉ ያለው በዚያ ነው። ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስትወርዱ ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ አቆዩት፤ ወዲያው ከወጣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ሁለት ሜሞሪ ያላችሁም አማናው ሁለት መሆኑን አትርሱ። የሴቶች ክፍል ፎቶ ለባለቤቶቹ ከተሰጠ በኋላ ከአንዱ ተሰርዞ በሌላው ላይ ቀርቶ እንዳይገኝ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ "ቲቸር፣ አትግዛ እያሉኝ ነው?" አለኝ። "አይደለም፤ በቅደም ተከተሉ ግዛ ነው የምልህ" አልኩት። 50 ሚሜ ሌንስ፣ አንድ ፍላሽና ሁለት ጥሩ ሜሞሪ ገዛ። የቀረውን ብር አልነካውም። ለትላልቅ ሰርጎች ሁለት ሜሞሪ የሚቀበል ቦዲ ሊከራይና ኪራዩን በደብተር ሊይዝ ተስማማን። ሰርጎቹ ኪራዩን ያለ ችግር እየሸፈኑ ከሄዱ፣ ያኔ ካሜራው ራሱ "ግዛኝ" ይለዋል።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።