«ክምችት» እና «ማመቅ»፤ ስለ አፈር ካርቦን ስያሜዎች

ከሳሪስ እስከ ቃሊቲና አቃቂ በሚዘልቀው ሜዳ፣ ሕንፃ ያልሸፈነው መሬት በብዛት ጥቁር ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ኮትቻ ይለዋል፤ በሌላም ሥፍራ ዋልካ ይባላል። ስለ አፈር ካርቦን የሚጽፍ ተርጓሚ ካርቦንን «ከሰል» ቢለው፣ አንባቢው ይህን ጥቁረት የካርቦን ብዛት ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ይሁን እንጂ ብስባሹ አነስተኛ የሆነ መረሬም ይጠቁራል። ስለሆነም «ካርቦን» የሚለው የውጭ ቃል እንዳለ ቢወሰድ ይመረጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣር በብርሃን አስተጻምሮ ከአየር የወሰደውን ካርቦን በከፊል ወደ ሥሩ ያወርዳል። ሥሩ ሲሞት ደቂቅ ዘአካላት ያብላሉታል፤ ገሚሱ ወደ አየር ሲመለስ ገሚሱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ከብት ያለ ዕረፍት የሚግጠው ሣር ግን ቅጠሉ ያንሳል፣ ሥሩ ይመነምናል፣ ወደ አፈሩ የሚገባውም ካርቦን ይቀንሳል።

እንግዲህ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች መለየት አለባቸው። በአንድ ወቅት በአፈሩ ውስጥ የሚገኘው መጠን «ክምችት» ነው፤ ካርቦንን ከአየር ወስዶ በአፈር የማቆየቱ ሂደት ደግሞ «ማመቅ» ነው። ሁለቱም «ክምችት» ከተባሉ፣ ብዙ ካርቦን ይዞ በየዓመቱ የሚጎድልበት የግጦሽ መሬት እያመቀ እንደሚገኝ ተደርጎ ይነበባል። በዚህ ቃል የተጻፈ ውል የሚፈርም ገበሬም ግዴታው ያለውን መጠበቅ ይሁን ተጨማሪ ማስገባት ሊያውቅ አይችልም። መለኪያውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ 12 ኪሎ ግራም ካርቦን 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ የአንዱን ስም በሌላው መተካት ቁጥሩን ያፋልሳል።

ለግጦሽ አያያዝ ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። «ልቅ ግጦሽ»፣ «የፈረቃ ግጦሽ» እና «ጥብቅ» በቂ ናቸው። ለመጨረሻው የመንዝ ጓሳ አብነት ይሆናል። በዚያ ነዋሪው ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ሲቸገር በበጋ ይከፍት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ግን ነባሩ ሥርዓት ፈረሰ። «ጥብቅ» የሚለው ቃል ጠባቂ መኖሩን በውስጡ ይዟል።

«ማመቅ»ም የሚመረጠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የታመቀ ነገር ክዳኑ ሲነሣ ይወጣል፤ ጥበቃው ሲቀር የአፈሩም ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። «ክምችት» ይህን አያሳስብም።