ድንኳናችንን የት እንትከል?

በፋሲካ ዕረፍት ከጓደኞች ጋር ከከተማ ወጥቶ ሁለት ሌሊት በድንኳን ማደር በጥናት ለደከመ አእምሮ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ የቀመሰው ያውቀዋል። እኛም ስድስት ሆነን ከድሬዳዋ በስተደቡብ ወደሚገኙት ኮረብቶች ግርጌ ወጥተን ነበር። የጀበናው ቡና፥ የምሽቱ ጨዋታ፥ ከደጋው የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ሁሉም ደስ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የፈለግነው ስለ ደስታው ሳይሆን፥ ደስታውን ወደ ኀዘን ሊለውጥ ስለሚችል አንድ ስሕተት ነው።

እንደ ደረስን ድንኳናችንን ለመትከል የመረጥነው የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ነበር፤ ለጥ ያለና ድንጋይ የሌለበት በመሆኑ ለመኝታ የተመቸ መሰለን። ካስማውን መምታት ስንጀምር ፍየሎቻቸውን እየነዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው በኦሮምኛ ተናገሩን። ቋንቋውን የሚያውቀው ጓደኛችን ሲተረጕምልን፥ «ልጆቼ፥ ይህ የወንዙ መኝታ ነው፤ ባለቤቱ ሌሊት ቢመጣ የት ትገባላችሁ?» ማለታቸው ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ነበር አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ ቢሆንም ታላቅን ማክበር ልማዳችን ነውና ዕቃችንን ተሸክመን ወደ ዳገቱ ወጣን።

በዚያ ሌሊት ወንዙ አልመጣም። ጠዋት ግን ካስማ ከመታንበት አጠገብ ባለው ግራር ላይ፥ ከሰው ቁመት በላይ፥ የቀድሞ ጐርፍ ሰቅሎት የሄደ ደረቅ ሣርና ጨርቅ አየን። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ በስተደቡቧ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። መሬቱ ቁልቁለትና የተራቈተ በመሆኑ በደጋው የጣለው ዝናም ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከየሸለቆው ተሰብስቦ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ ያለው ሰው አንዲት ጠብታ ሳትነካው፥ ከዋክብት እያየ ሳለ፥ ጐርፍ ሊደርስበት ይችላል። በአገራችን አቈጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ፀደይ ደግሞ የበልግ ዝናም የሚጥልበት ወራት ነው፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬዳዋን ጐርፍ መትቷት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ነው።

አደጋው በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በነሐሴ 1991 ዓ.ም. በጃፓን፥ በካናጋዋ ግዛት፥ በኩሮኩራ ወንዝ መካከል ባለ አሸዋ ላይ ድንኳን ተክለው የነበሩ 18 ሰዎችን ውሃ ወስዶ 13ቱ ሞተዋል። እንዲወጡ በተደጋጋሚ ተነግሯቸው ነበር።

እንግዲህ ለሽርሽር የሚወጣ ሁሉ እነዚህን ያስብ፦ አንደኛ፥ በዛፍና በገደል ላይ የጐርፍ ምልክት ፈልጎ ከዚያ በላይ ይስፈር። ሁለተኛ፥ ከመተኛቱ በፊት ወደ ደጋው ይመልከት፤ መብረቅ ካየ ወደ ወንዙ አይውረድ። ሦስተኛ፥ ድምፅ ከሰማ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይቈይ ወደ ቅርቡ ዳገት ይውጣ፤ በወንዙ ውስጥ ወደ ታች አይሩጥ። አራተኛ፥ ፈጣን ውሃ ከጉልበት በታች ቢሆንም ሰው ይጥላልና ካልጐደለ አይሻገር። ከሁሉ በፊት ግን የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ እኛ ሳንጠይቅ የነገሩንን ሽማግሌ ሁሉም ላያገኝ ይችላልና።